አማካዩ አልዋሸም፣ እውነቱን ግን አልተናገረም

አባቴ ነጠላ ጫማው ከእግሩ ወልቆ መቅረቱን የሚያውቀው ሰው ሲነግረው ነበር። አንዱ ጫማ በረንዳ ላይ፣ እሱ ደግሞ ሳሎን ውስጥ በአንድ እግሩ ባዶውን ቆሞ። መጀመሪያ ሳቅንበት። «እርጅና ነው» እያለ እሱም አብሮን ሳቀ። በኋላ ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ ግድግዳ እየተደገፈ መሄድ ጀመረ። ያኔ ሳቃችን ቆመ።

ክሊኒክ ወሰድነው። ማሽኑ የደሙን ውጤት አተመ፦ ትንሽ ደም ማነስ፣ የቀይ የደም ሴሎቹ መጠን ግን «ኖርማል»። የአይረን ኪኒን ታዘዘለት። 2 ወር ዋጠ። እግሩ እንደደነዘዘ ነው።

ነገሩን የቀየረችው ሌላ ቦታ ያገኘናት የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። የድሮውን ወረቀት አየችና ቀና አለች።

«አባባ፣ እግርዎን ምን ያደርግዎታል?»

«ጥጥ ላይ የምራመድ ይመስለኛል ልጄ።»

አንድ ጠብታ ደም መስታወት ላይ ቀብታ አደረቀችው፣ ቀለም ነከረችውና ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። እኔ እንደ ልማዴ ጥያቄ ሳበዛባት «እንዲህ ከሆነ ና ራስህ እይ» አለችኝ።

ትምህርት ቤት የሳልነው ኒውክለስ ክብ ነው፣ ልክ እንደ እንቁላል አስኳል። ከነጭ የደም ሴሎቻችን በብዛት ቀዳሚው ኒውትሮፊል ግን እንደዚያ አይደለም። ኒውክለሱ በአንጓ በአንጓ ተከፍሎ፣ አንጓዎቹ በቀጭን ክር ተያይዘው፣ የተቆረጠ የመቁጠሪያ ቁራጭ ይመስላል። ሴሉ ራሱ ስፋቱ ከሚሊሜትር አንድ መቶኛ ብዙም አይበልጥም። እዚያች ውስጥ የታጠፈው ዲኤንኤ ግን ቢዘረጋ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል። ኒውትሮፊል ጀርም ወዳለበት ለመድረስ በደም ሥር ግድግዳ ጠባብ ክፍተት ሾልኮ መውጣት አለበት። ድብልብል ያለ ጠንካራ ኒውክለስ ቢይዝ ይቸገር ነበር፤ የተከፋፈለና የሚተጣጠፍ ስለሆነ ያልፋል።

«ቁጠር» አለችኝ። አንድ፣ ሁለት... ስድስት።

ጤነኛ ሰው ላይ አብዛኞቹ ከሁለት እስከ አራት አንጓ አላቸው፤ አምስት ያለው ጥቂት ነው። ስድስት አንጓ ያለው አንድ እንኳ ከተገኘ ባለሙያው መጠየቅ አለበት። ዲኤንኤ ለመሥራት ቫይታሚን ቢ12 እና ፎሌት ያስፈልጋሉ። ከሁለቱ አንዱ ሲያጥር መቅኔ ውስጥ የሴሎች አሠራር ይዛባል፣ ኒውክለሱም አንጓው በዝቶ ይወጣል።

ታዲያ ማሽኑ ለምን ዝም አለ? ቢ12 ሲያጥር ቀይ የደም ሴል ይተልቃል። አይረን ሲያጥር ያንሳል። አባቴ ሁለቱም ጎድሎት ነበር። ማሽኑ ትልቁንና ትንሹን ደምሮ አካፈለና «ኖርማል» ብሎ ጻፈ። ስሌቱ ልክ ነው። የሴሎቹ መጠን ምን ያህል እንደተራራቀ የሚያሳይ ሌላ ቁጥርም እዚያው ወረቀት ላይ ነበር፤ ልብ ያለው የለም።

ምርመራው የቢ12 እጥረት መሆኑን አረጋገጠ። ጎረቤቱ ሁሉ «ጾሙ ነው» አለ። እውነት ነው፣ ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። ጉበት ግን ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ ያስቀምጣል። የአባቴ ችግር ጨጓራው ነበር፤ ቢበላም ሰውነቱ አይወስደውም። ስለዚህ በመርፌ ሆነ።

ሐኪሙ የነገረን አንድ ነገር አሁንም ያስደነግጠኛል። ፎሊክ አሲድ ታዞለት ቢሆን ደሙ ሊሻሻል ይችል ነበር፤ ወረቀቱም ያምር ነበር። ነርቩ ግን ውስጥ ውስጡን መጎዳቱን ይቀጥላል።

ይህ በሽታ ከመቶ ዓመት በፊት ገዳይ ነበር። በ1920ዎቹ ጉበት መብላት ሕመምተኞችን እንደሚያድን ታወቀ፤ ለዚህ ሥራ ዊፕል፣ ማይኖትና መርፊ የተባሉ አሜሪካውያን በ1934 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለሙ። ቢ12 ራሱ ተነጥሎ የወጣው በ1948 ነው። ዛሬ መድኃኒቱ መርፌ ነው። የሚከብደው ማየቱ ነው።

እኔ የምኖረው ቁጥር እየጻፍኩ ነው። አማካይ ገቢ፣ አማካይ ዋጋ፣ አማካይ ምርት። ስንት ጊዜ የተራበውንና የጠገበውን ደምሬ «ደህና ነው» ብዬ ጽፌ ይሆን? ከዚያ ቀን ወዲህ «አማካይ» የሚል ቃል ስጽፍ እጄ ያመነታል።

ማሽን አልጠላም፤ በደቂቃ ውስጥ ሺህ ሴል የሚቆጥር ዓይን የለም። ግን ወረቀቱ «ደህና ነህ» እያለህ ሰውነትህ «አይደለሁም» ካለህ፣ አንድ ጥያቄ ሳትጠይቅ አትውጣ፦ «ደሜን በማይክሮስኮፕ ያየው ሰው አለ?»

አባቴ አሁን በጨለማ ያለ ግድግዳ ይሄዳል። የእግሩ ጣቶች ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሱም፤ ዘግይተናል። ከቤት ሲወጣ አሁንም ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያያል።