የት ደረስክ?

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የአዳሪ ትምህርት ቤት ጓደኞቼ አንድ ወረቀት አባዝተው በየአለንበት ላኩልን። ሦስት ጥያቄ አለው። አንደኛ፣ ሙሉ ስም፤ ሁለተኛ፣ የአልጋ ቁጥር፤ ሦስተኛ፣ «አሁን የደረሱበት ደረጃ»። ሦስት ዓመት ያህል ተለያይተን ከርመን በመስከረም 2018፣ በመስቀል ማግሥት፣ ልንገናኝ ነበርና ኮሚቴው ማን ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ፈለገ። ሁለቱን ጥያቄዎች ባንድ ትንፋሽ ሞላሁ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ። «የታሪክ ተማሪ፣ አራተኛ ዓመት፣ ስድስት ኪሎ» ልበል? ይኸ እኮ ደረጃ አይደለም፤ አድራሻ ነው።

ለመሆኑ ከመካከላችን በበዓል ዘመድ ቤት ሄዶ «እህሳ፣ የት ደረስክ?» ሳይባል የተመለሰ አለ? ለኛ ለታሪክና ለቋንቋ ተማሪዎችማ ከኋላው ሌላ ይከተላል፤ «ታዲያ እሱን ተምረህ ምን ትሆናለህ?» የሚል። እሱን ለሌላ ጊዜ ልተወው። የዛሬው ጉዳዬ ይኸ ጥያቄ አብረው ባደጉ ሰዎች መካከል ሲገባ የሚሠራው ሥራ ነው።

የኛን ክፍል ላስተዋውቃችሁ። ትምህርት ቤቱን በስም አልጠራውም። ከየአገሩ ማዕዘን በፈተና የተለቃቀምን 58 ልጆች ነበርን፤ ወንዶችም ሴቶችም። የአዳሪ ቤት ሰው አገሩ የሚታወቀው በሻንጣው ሽታ ነው። የኔ ደብረ ብርሃን ስለሆነ የእናቴ በሶ አይታጣበትም። ከጎኔ ያለው አልጋ፣ ቁጥር 41፣ የወላይታ ልጅ ነው፤ እሱ ዳጣ በጠርሙስ ይዞ ይመጣል። ከጅማ የመጣው ማር አለው። በመጀመሪያው ወር ሁሉም ሻንጣውን ይቆልፋል። በሁለተኛው ወር ቁልፉ ይጠፋል። በሦስተኛው ወር በሶው የማን፣ ማሩ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ያን የምሳ ምስር ያለ 41 ዳጣ የሚውጠው ሰው አልነበረም።

41ን «ፕሮፍ» ነበር የምንለው። ማታ በ4 ሰዓት መብራት ይጠፋል፤ የፕሮፍ ትምህርት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሒሳብ ያልገባው ልጅ በጨለማ በእግሩ ጣት እየተራመደ ይመጣና አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ፕሮፍ መዳፉን ይይዝና በጣቱ ግራፉን ይሥልበታል፤ እዚህ ጋ ይወጣል፣ እዚህ ጋ ይታጠፋል፣ እዚህ ጋ ዜሮን ይነካል እያለ በሹክሹክታ ያስረዳል። እኔ ሒሳብን የማውቃት በመዳፌ ነው። አሁን እንኳ ኬነዲ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ቁጥር የበዛበት ነገር ሲገጥመኝ እጄን ይበላኛል።

ከዚያ ፈተናው መጣ። የ2014 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ማለት ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በጥቅምት 2015 የተሰጠው። ጥር ላይ ውጤቱ ሲነገር፣ ወደ 900,000 ከሚጠጋው ተፈታኝ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። 60 ልጅ ከተቀመጠበት ክፍል ሁለቱ ብቻ ተነሥተው ሲወጡ አስቡት። አዳሪ ትምህርት ቤቶች ከሌላው የተሻለ አሳልፈዋል፤ የኛም እንዲሁ። ቢሆንም ከ58ታችን 17ቱ ቀሩ። ግማሾቹ በማካካሻው ትምህርት በኩል ገቡ፤ ግማሾቹ ወደየቤታቸው ሄዱ። ፕሮፍ ከሄዱት አንዱ ነው። ለምን እንደዚያ እንደሆነ እሱም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅነው።

እንግዲህ ያን ወረቀት ይዤ ስቸገር ወደ ሐሳቤ የመጡት የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጋሼ የጄኔራል ዊንጌት ተማሪ ነበሩ። ዓይናቸው ስለደከመ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ከጥንት ጓደኞቻቸው ጋር ወደሚገናኙበት አራት ኪሎ አካባቢ ወዳለች ሻይ ቤት የማደርሳቸው እኔ ነኝ። አድርሼ እመለሳለሁ እላለሁ፤ ግን ሁልጊዜ እቀመጣለሁ።

ስለነዚያ ትምህርት ቤቶች ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ጣሊያን የተማረውን ወጣት ፈጅቶት ስለነበር፣ ከነጻነት በኋላ መንግሥት ጸሐፊም፣ አስተማሪም፣ ሐኪምም ከየት ይምጣ? የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትምህርት ቤት በ1943 እ.ኤ.አ.፣ በእንግሊዛዊው የጦር መኮንን በኦርድ ዊንጌት ስም የተጠራው የጉለሌው ደግሞ በ1946 እ.ኤ.አ. ተከፈቱ። ከኮተቤ መንግሥቱ ለማን የመሰለ ጸሐፌ ተውኔት፣ ከዊንጌት መለስ ዜናዊን የመሰለ የአገር መሪ ወጥቷል። ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ልጅ ይመጣል፣ በነጻ ይበላል፣ ይተኛል፣ በእንግሊዝኛ ይማራል፤ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ምናልባት ውጭ አገር፣ ከዚያ መሥሪያ ቤት። መሰላል ነበር፤ ደረጃው የተቆጠረ መሰላል። ያኔ «የት ደረስክ?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም ነበረው።

ጋሼ መሰላሉ መካከል ላይ ሳሉ 1966 መጣ። በታኅሣሥ 1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ የዩኒቨርሲቲ፣ የአሥራ ሁለተኛና የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ከነመምህሩ ወደ ገጠር ወረደ፤ 60,000 ገደማ ሰው። ጋሼ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበሩና ገሙ ጎፋ ደረሳቸው። ፊደል አስተማሩ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ የካቲት ላይ የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ደግሞ የገበሬ ማኅበር ሲያደራጁ ከረሙ። አንድ ክፍል ዝቅ ብለው የነበሩት አሥረኞች እዚያው ትምህርታቸው ላይ ቀሩ። ከነዚያ አንዱ በኋላ ሶቪየት ኅብረት ተልኮ የውሃ መሐንዲስ ሆኖ ተመልሷል። ይኸ ሰውዬ በእያንዳንዱ ስብሰባ፣ «እኔ የማትሪክ ጎበዝ ሳልሆን ያሥረኛ ክፍል ጎበዝ ነኝ» እያለ ያስቃቸዋል። በአንድ ክፍል ልዩነት!

የሻይ ቤቷ ስብሰባ ሥርዓት አላት። ድሮ ልብሳቸው እጥበት ቤት ሲገባ እንዳይጠፋ የተሰፋበት ቁጥር ነበር። እስከ ዛሬ የሚጠራሩት በዚያ ነው። አንዱ ቁጥር ይጠራል፣ የሚያውቅ ይመልሳል።

«ሠላሳ ሁለት?»

«አለ። ዴንቨር ነው፤ ጉልበቱን አሞታል።»

«ሰባት?»

«አለሁ! ምን ያስጮህሃል፣ አጠገብህ ተቀምጬ!»

«አሥራ ዘጠኝ?»

«በ69።»

«በ69» ሲባል የሚጨምር የለም። ያ የቀይ ሽብር ዓመት ነው፤ በዚያና በቀጣዩ ዓመት ስንት ቁጥር እንደጎደለ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያለ ሁሉ ያውቃል። የማይለመደኝ ግን ሌላ ነው። «ሃምሳ አራት?» ሲባል «አልተገኘም» የሚል መልስ ይሰጣል። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አልተገኘም። በየወሩ ግን ይጠሩታል።

ከአለሁት መካከል በመተማ በኩል በእግሩ ገዳሪፍ ገብቶ፣ ከዚያ ዋሽንግተን ተሻግሮ 22 ዓመት ታክሲ የነዳ አለ። ከክፍሉ አንደኛ ይወጣ የነበረው ደግሞ አገሩ ተመልሶ ወፍጮ ቤት ከፍቶ ልጆች ያሳደገ ነው። ስለ ወፍጮው ሲያወራ ድምፁን ዝቅ አያደርግም፤ የሚሰሙትም ፊታቸውን አያጠቁሩም። የዲናሞው ዋጋ ስንት ገባ ብለው ይጠይቁታል እንጂ።

አንድ ቀን ስንመለስ ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ እናንተ እርስ በርሳችሁ 'የት ደረስክ?' የማትባባሉት ደጎች ስለሆናችሁ ነው?»

ሳቁ። «ደግነት የት አለ ልጄ! በ1984 መጀመሪያ ስንገናኝ ብታየን። ከአሜሪካ የመጡት በሱፍ፣ በካሜራ። አንዱ ብድግ ብሎ ቤቱ ስንት መኝታ ክፍል እንዳለው ቆጠረልን። ያን ቀን ሁለት ሰው ምሳውን ሳይበላ ወጣ። አራት ዓመት ተኮራርፈን ከረምን። በኋላ አንዱ ሲሞት ቀብር ላይ ተገናኘን፤ ቀብር ላይ ደግሞ መኝታ ክፍል የሚቆጥር የለም።»

ትንሽ ተራመድንና ደግሞ፣ «መሰላሉ ሲሰበር ሁላችንም ላይ ነው የተሰበረው። ማን ከየትኛው ደረጃ እንደወደቀ ምን ያደርጋል?» አሉኝ።

በበኩሌ የኛ ነገር ከዚህ ይከብዳል እላለሁ። የነሱ መሰላል በሁሉም ላይ ስለተሰበረ ማንም ራሱን ብቻውን ጥፋተኛ አላደረገም። የኛው ፈተና ግን ሦስቱን አንሥቶ ዘጠና ሰባቱን ሲጥል ለእያንዳንዱ የብቻውን ቁጥር ሰጥቶ ነው። ያ ቁጥር በስልኩ ላይ ለብቻው የመጣለት ልጅ «ዘመኑ ነው» ብሎ መጽናናት አይችልም።

የመስቀሉ ማግሥት ስብሰባ ደርሶ ተገናኘን። ደስታው ሌላ ነበር፤ ተቃቅፈን ተላቀስን፣ የድሮውን የደወል ድምፅ በብረት ማንኪያ እየመታን ተሣሣቅን። ከዚያ በየተራ እየተነሣን የደረስንበትን መናገር ጀመርን። እዚህ ላይ አንድ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ሳያስፈልግ አይቀርም። «በግሌ እየሠራሁ ነው» ማለት ሥራ የለኝም ማለት ነው። «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ማለት ካገር ለመውጣት ወረቀት እጠብቃለሁ ማለት ነው። «ቢዝነስ ላይ ነኝ» ያለው ልጅ ባጃጅ ነው የሚነዳው፤ ያውም የአጎቱን፤ ከኔ ይልቅ በልቶ ያድራል፤ ግን ባጃጅ የሚለውን ቃል ከአፉ ማውጣት ተሳነው። እውነቱን የተናገረችው አንዲት ናት። ከዱባይ በስልክ ገብታ ድምፅዋ በስፒከር ተለቀቀ። ወረቀቱ ላይ «ሱፐርቫይዘር» ብላ ሞልታ ነበር። «የምን ሱፐርቫይዘር ነሽ?» ብለው ሲጠይቋት፣ «ሁለት ሕፃናት ሱፐርቫይዝ አደርጋለሁ፤ አንዱ ይነክሳል» አለች። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። የዚያን ቀን ሁላችንም ትንፋሽ ያገኘነው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

መቼም የታሪክ ተማሪ ነኝና ቆጠርኩ። ከ58ታችን 33 መጥተናል። ከ17ቱ የመጡት ግን 3 ናቸው፤ የዱባይዋን በድምፅ ከቆጠርን 4። ፕሮፍ አልመጣም።

መጨረሻ ላይ ኮሚቴው የመጣነውንም የቀረነውንም የሚይዝ መጽሔት አሳትሞ፣ ሽያጩን ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ለማዋል ሐሳብ አቀረበ። ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔ ሦስተኛው ጥያቄ ይውጣ አልኩ፤ በምትኩ «ከማን ምን ተማርክ?» ይግባ። ሕክምና የሚማረው ጓደኛችን ተቃወመኝ። «ታናናሾቻችን አንብበው እንዲበረቱ እኮ ነው። የደረስንበትን ካልጻፍን በምን ይበርታሉ?» አለ። አነጋገሩ ውሸት የለበትም፤ እሱ ራሱ ከገበሬ ቤት ወጥቶ እዚህ የደረሰው የታላላቆቹን ስም ግድግዳ ላይ እያነበበ ነው። የሕግ ተማሪዋ ደግሞ ተነሥታ፣ «የ14ቱ ገጽ ባዶ ሆኖ ይታተም ወይስ ጭራሽ ይውጣ?» ብላ ጠየቀች። ለዚህ መልስ የሰጠ የለም። ነገሩ ለጥምቀት ይደር ተባለ።

በማግሥቱ ለፕሮፍ ደወልኩለት። ሶዶ ነው ያለው፤ ቀን በወንድሙ መለዋወጫ ሱቅ ይውላል፣ ማታ የስምንተኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ ያስጠናል።

«ለምን ቀረህ?» አልኩት።

«ጊፋታ ነበር እኮ። በጊፋታ የወላይታ ልጅ ቤቱን ጥሎ የት ይሄዳል?»

እውነት ነው፤ ኮሚቴው ቀኑን ሲቆርጥ ይህን አላሰበም። ሰበብም ሊሆን ይችላል። አልተከራከርኩትም። ከዚያ እሱ ይጠይቀኝ ጀመር። «ሃያ ሦስት መጣ? ሃምሳስ? አሁንም ያንኮራፋል? አሥራ አንድ እናቷ ተሽሏቸዋል?» ሁሉንም በአልጋ ቁጥር፣ አንድ ሳያስቀር ጠየቀኝ። የሕክምናውን፣ የሕጉን፣ የፕሮሰሱን ነገር አላነሣም። እኔም ሳላነሣ ቆየሁ።

«ለጥምቀት ሁለት ሦስት ሆነን እንመጣለን» አልኩት።

«ኑ። የእናትህን በሶ እንዳትረሳ ብቻ፤ ዳጣው በኔ ነው» አለኝ።