ውሮን አትስጫት

ጎንደር፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

ይህን ደብዳቤና ዕቃውን የሚያደርስልሽ የአዲ አርቃይ ሚኒባስ ረዳት ነው። ሊማሊሞን ሲወርዱ ጠርሙሶቹ እንዳይጋጩ በጨርቅ ጠቅልያቸዋለሁ፤ አንዱ ፈሶ ቢደርስ ልጁን አትቆጪው።

ድመቷን ለሰው ልትሰጪ ነው አሉ። አባዬ ከመተማ ያመጣው ስጋጃ ላይ ሦስት ጊዜ ሸናች፣ አንቺም ሦስቱንም ጊዜ ፈትገሽ አጠብሽ፣ ሽታው ግን ወይ ፍንክች። እማዬ፣ ጥፋቱ የእጅሽ አይደለም፤ ንጽሕናሽንማ ሰፈሩ ያውቀዋል። የድመት ሽንት ውስጥ ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር አለ። ሲደርቅ እንደ ደቃቅ ጨው ሆኖ ክሩ ሥር ይቀመጣል፤ ውሃና ሳሙና አያሟሙትም። እርጥበት ባገኘ ቁጥር እንደገና ይሸታል። ክረምቱን ሲሸትሽ ከርሞ መስከረም ላይ ጠፋ ያልሽው፣ ስትወለውዪው ደግሞ የተነሣብሽ ለዚህ ነው።

በረኪናውን ተይው። ሽንት ሲቆይ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያና በረኪና ሲገናኙ የሚፈጠረው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። በረኪናውን ያፈሰስሽበት ቀን ያሳለሽ ጉንፋን አይመስለኝም። የወይራ ጭሱም ቢሆን ሽታ ላይ ሽታ መደረብ ነው፤ የእኛን አፍንጫ እንጂ የእሷን አያታልልም። ድመት የራሷ ሽንት የሸተታት ቦታ ላይ ተመልሳ ትሸናለች።

እንዶድ ቀጥቅጬ ልሞክርበት ማለትሽንም ሰምቻለሁ። ለነጠላና ለጋቢ እንዶድን የሚያህል የለም። ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ የእንዶድን ኃይል የደረሱበት እንዴት መሰለሽ? ከእናንተ ተከዜን ተሻግሮ አድዋ ላይ፣ በ1964 እ.ኤ.አ.፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው። እንዲህ ያለው ነገር ስጋጃው ላይ ቀርቶ፣ ውሮ እግሯን ስትልስ ሆዷ ይግባ? አይሆንም።

ይልቅ ከስጋጃው ጠርዝ አንድ ክር ንቀዪና በክብሪት አቃጥዪው። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና በጣት ሲያሹት ከደቀቀ ሱፍ ነው። ቀልጦ እንደ ዶቃ ከጠነከረ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ ከሆነ ከላክሁልሽ ውስጥ አረንጓዴው ጠርሙስ መድኃኒቱ ነው፤ ውስጡ ያለው ኢንዛይም ያንን ውሃ ያቃተውን ነገር ይሰባብረዋል። እድፉን እስከ ሥሩ አርሺው፣ በላስቲክ ሸፍነሽ እስከ ማግስቱ ተይው፤ ቶሎ ከደረቀ አይሠራም። ሱፍ ከሆነ ግን ጠርሙሱን አትክፈቺው፤ ሱፉንም ሊበላብሽ ይችላል። ለሱፍ አቼቶውን ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅለሽ አፍስሺበት። ሩብ ሰዓት ጠብቀሽ በጨርቅ አድርቂውና ቤኪንግ ሶዳውን ነስንሺበት፤ ሲነጋ ጥረጊው። ቀለሙ እንዳይለቅ መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ሞክሪው። አረንጓዴውንና አቼቶውን ግን አንድ ላይ እንዳታደርጊ። ስጋጃውን ገልጠሽ ሊሾውንም እጠቢ፤ ሽንቱ ወደ ታች ወርዷል።

ዳግመኛ ከሸናች፣ ገና ትኩስ ሳለ፣ በምንም ዓይነት አትፈትጊ። አሮጌ ነጠላ አጥፈሽ አንጥፊበትና በባዶ እግርሽ ቁሚበት። ሲርስ ገልብጪው፣ እንደገና ቁሚ፤ ነጠላው ደረቅ ሆኖ እስኪነሣ ድረስ። መፈተግ ሽንቱን ወደ ሥሩ ይነዳዋል። ሙቅ ውሃም እድፉን ያጸናዋል።

ደግሞስ ውሮ ባለጌ ናት? አሥር ዓመት ሙሉ ደጅ ወጥታ አፈር ምሳ የምትቀብር ድመት ድንገት ስጋጃ ላይ ከሸናች አንድ ነገር ሆናለች። ውሃ ታበዛ እንደሆነ እያት፤ ያረጀች ድመት ኩላሊቷ ሲደክም ብዙ ትጠጣለች፣ ብዙም ትሸናለች። ቶሎ ቶሎ ቁጢጥ እያለች ጠብታ ብቻ የሚወጣት ከሆነ ፊኛዋን አሟት ይሆናል። የእንስሳት ሐኪም ይያት። እስከዚያው በአሮጌ ሳፋ አሸዋ አድርጊላት።

በ2013 ክረምት በጦርነቱ ቤቱን ጥለን ሊማሊሞን ስንወጣ እሷን ትተናት ሄድን። ስንመለስ በሩ ተሰብሯል፣ ጎተራው ባዶ ነው፤ ስጋጃው ግን እንደተጠቀለለ ቆጡ ላይ ነበር። እሷ አጥንቷ እስኪቆጠር ከስታ ላዩ ላይ ተኝታ ነበር። አንቺ ያኔ ያለቀስሽው ለጎተራው አልነበረም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ሳትስቂ። ስጋጃው ላይ መስኮቱ ሥር ያለችው የደበዘዘች ክብ፣ በፊተኛዋ ድመት ያሳበብናት፣ የእኔ ናት። ስድስት ዓመቴ ነበር። ጆንያ ውስጥ ገብታ ዛሪማ ድረስ ተወስዳ የተጣለችው ግን ድመቷ ናት።

ናፋቂ ልጅሽ