እንግሊዝኛው እስኪደርስ

ለዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት «ክፍል ውስጥ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ አይነገርም» በሚል ሕግ አሳለፍኳቸው። ተሳስቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ልጻፍ።

ዝም ያለ ተማሪ ሁሉ ያልተዘጋጀ አይደለም። ከ60 በላይ ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል ጥያቄ ስወረውር ሁሉም አንገቱን ይደፋ ነበር፤ እኔም በስንፍና እተረጉመው ነበር። አንድ ቀን ከሲዳማ የመጣች ልጅ ቢሮዬ መጥታ፣ አማርኛው ባይቀናትም፣ ጠዋት ለጠየቅኩት ጥያቄ ግሩም መልስ ሰጠችኝ። «ታዲያ ክፍል ውስጥ ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት። «መምህር፣ ሐሳቡ ነበረኝ። እንግሊዝኛው እስኪደርስልኝ እርስዎ ሌላ ሰው ጠየቁ» አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አሁን ጥያቄ ከጠየቅኩ በኋላ ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሚመቻቸው ቋንቋ እንዲነጋገሩ ጊዜ እሰጣለሁ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። እጅ የሚያወጣው ሰው በዛ።

ተማሪው የመጣበትን መንገድ ማወቅ ግድ ነው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ብዙዎቹ የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተምረው፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። እኛ ጋ የሚደርሰው ወጣት ፊዚክሱን በእንግሊዝኛ ሸምድዷል፤ በእንግሊዝኛ ተከራክሮ ግን አያውቅም። ኦሮምኛን በቁቤ ማንበብ የለመደው ደግሞ የላቲኑን ፊደል ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ነገር ግን እንግሊዞች «ኤክስ» የሚሏት ፊደል ለእሱ «ጥ» ናት። ይህን ሳያውቁ ልጁን ማረም አይቻልም።

ስሕተቱ ምንጭ አለው። የአማርኛዋን «በ» ውሰዱ። በእርሳስ ጻፍኩ፣ በአውቶቡስ መጣሁ፣ በመስከረም ተመዘገብኩ፣ በመስኮት ገባሁ፤ አራቱንም አንዲት ፊደል ተሸከመቻቸው። እንግሊዝኛ ግን ለመጀመሪያው «ዊዝ»፣ ለሁለተኛው «ባይ»፣ ለሦስተኛው «ኢን»፣ ለአራተኛው «ስሩ» ይላል። «ራበኝ» የሚል ሰውም ረሃቡን አድራጊ፣ ራሱን ተደራጊ አድርጎ ነው የሚናገረው፤ በእንግሊዝኛ ግን ባለቤቱ ራሱ መሆን አለበት። ሁለቱን ቋንቋ ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ስጽፍላቸው ፊታቸው ይበራል። ለዓመታት እንደ እንቅፋት ያየሁት የአፍ መፍቻ ቋንቋ ከመማሪያ መጽሐፉ ይልቅ ረድቶኛል።

ቀይ እስክሪብቶ ይጎዳል። ሁሉንም ስሕተት አሠምርበት በነበረ ጊዜ የተማሪዎቼ ድርሰት እያጠረ ሄደ፤ የማይሳሳቱባትን ዓረፍተ ነገር ብቻ መጻፍ ለመዱ። ዛሬ በአንድ ድርሰት ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት ብቻ መርጬ አርማለሁ፤ ከሥሩም ስለ ሐሳቡ አንድ መስመር እጽፋለሁ። ሁለት ገጽ የሚጽፉልኝ አሁን ነው።

አነጋገራቸው የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ እንዲመስል መድከሙን ትቻለሁ። የሚሉት ከተሰማ ይበቃል።

አዲስ ገቢ የምትቀበሉ ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ ተማሪው የመጀመሪያውን ጥያቄ በሚመቸው ቋንቋ እንዲጠይቅ ፍቀዱለት፤ እንግሊዝኛው እስኪደርስለትም ጠብቁት።