አዲስ ንድፍ

ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነበር፡፡ ታናሽ እህቴ በመሐል ሜዳ የከፈተቻት የሹራብ ሱቅ ሁለተኛ ዓመቷን ልትይዝ ነው፡፡ በእጅ የምትገፋ አንዲት የሹራብ ማሽን፣ ሁለት ወንበር፣ በሚስማር የተንጠለጠሉ የሕፃናት ቆቦች፤ ሱቅ የምንለው ይኸው ነው፡፡ ይሁንና ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቀመጠች ከተማ ሹራብ ጌጥ አይደለም፡፡ መስከረም ሲጠባ ተማሪው ሁሉ ሹራብ ይፈልጋል፡፡

አንድ ምሽት እሳት ከበን ሳለን እህቴ እንዲህ አለች፤ «ጋሼ፣ ዘንድሮ አዲስ ክርና አዲስ ንድፍ ካላመጣሁ ሰዉ ደብረ ብርሃን ድረስ ወርዶ ገዝቶ ይመጣል፡፡» እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝና የሒሳቡን ነገር አሰብሁ፡፡ እናታችን ከምድጃው ማዶ ምንም ሳትናገር እንዝርቷን ታሾራለች፡፡

መርካቶ አብሬያት ሄድሁ፡፡ ክር መምረጥ እንዲህ ያለ ጥበብ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው፡፡ ነጋዴው «ንጹሕ ሱፍ ነው» ሲላት ከቱባው ጫፍ ቅንጣት ክር በጥሳ በክብሪት ለኮሰችው፡፡ የበግ ጸጉር ቢሆን ኖሮ የተቃጠለ ጸጉር ይሸት ነበር፤ ይኼኛው ግን ቀልጦ እንደ ጥቁር ዶቃ ደረቀ፡፡ ነጋዴው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ ዋጋውም ቀነሰ፡፡ ቀለሙን በሱቁ መብራት አላመነችውም፡፡ ደጅ አውጥታ በፀሐይ አየችው፡፡ አንድ ዓይነት ሰማያዊ የሚመስለው ክር በተለያየ ጊዜ የተነከረ ከሆነ የሹራቡ እጅጌና ደረት እንደማይገጥሙ የነገረችኝ ያኔ ነው፡፡ ቀጥሎም ክሩን አንገቷ ላይ አሸት አሸት አደረገችው፡፡

እኔ አመድማና ቡናማ ቀለም እያነሣሁ «ይኼ የአገራችንን ተራራ ይመስላል» እላለሁ፡፡ «አንተ የምትመርጠው ለግጥም ነው» ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ፡፡ በሥዕል የተደገፈ የውጭ አገር የሹራብ መጽሐፍም አገላበጥን፡፡ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነው ንድፍ ዓይኔን ስቦት ነበር፤ እሷ ግን «ያምራል፤ ክር ግን ይበላል» ብላ አለፈችው፡፡

ጣርማ በርን በጉም ውስጥ አልፈን ቤት ስንደርስ እናቴ ከአልጋዋ ሥር አንድ ጆንያ ጎትታ አወጣች፡፡ ሃያ ስምንት ልቃቂት፡፡ ጥቁር፣ ዳማ፣ ጥቂት ነጭ፡፡

«አዲስ ንድፍ ያልሽው ይኸው» አለች፡፡

እህቴ በየምሽቱ «አዲስ ንድፍ» ስትል፣ እናቴ የሰማችው በደጋን የተነደፈ አዲስ የበግ ጸጉር ነው፡፡ ለሷ ንድፍ ማለት ሌላ ፍቺ የለውም፡፡ ለካስ ከፋሲካ ጀምራ ስትነድፍና ስትፈትል የከረመችው ለልጇ ሱቅ ኖሯል፡፡ ሁለታችንም አላረምናትም፡፡

ማታ ሱቁን ዘግተን ሞከርነው፡፡ የእናቴ ፈትል አንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይቀጥናል፡፡ ማሽኗ ሦስት ረድፍ ሄዳ አራተኛው ላይ ያዘች፤ ሁለት መርፌ ተሰበረ፡፡ የተሠራችውን ቁራጭ አንገቴ ላይ አደረግኋት፡፡ ትኮሰኩሳለች፡፡ እህቴ ልቃቂቱን ይዛ ዝም አለች፡፡ እኔም ዝምታው ስለከበደኝ፣ በወጣትነቴ የጻፍኋትን ስንኝ አነበነብሁላት፤

የደጋው ጌጥ አንተ፣ የመንዙ በግ ጸጉር፣
ባትኖር ማን ያሞቃል ይህን ብርዳም ምድር፡፡

«አንተ ራስህ የለበስኸው ምንድን ነው?» አለችኝ፡፡ ጎንበስ ብዬ ደረቴን አየሁ፡፡ ከአዲስ አበባ የገዛሁት የፋብሪካ ሹራብ ነበር፡፡

ይህን ነገር ማቅለል አይቻለኝም፡፡ የመጀመሪያ ዲግሪዬን የያዝሁት በዚያ በሚኮሰኩስ ጸጉር ነው፡፡ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በየሴሚስተሩ የሚላክልኝ ገንዘብ የባና ሽያጭ ነበር፡፡ እናቴ ትፈትላለች፣ ሸማኔው ይሸምናል፣ ባናው ገበያ ይወጣል፡፡ የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ አጭር ላቱ ከጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ፣ ውርጩንም የክረምቱን ዝናብም የለመደ፡፡ ጸጉሩ ሻካራ መሆኑን የሚያውቁ ሰዎች፣ ሥጋውንም ጸጉሩንም ለማሻሻል አዋሲ የተባለውን በግ ከእስራኤል አስመጥተው በደብረ ብርሃንና በአመድ ጉያ የበግ ማእከላት አዳቅለውታል፡፡ እናቴ ግን የምትፈትለው የራሷን በጎች ነው፡፡ ለበርኖስና ለባና ሻካራነቱ ነውር አልነበረም፤ ከልብስ በላይ ይደረባል እንጂ ገላ ላይ አያርፍም፡፡

የተሰበሩትን መርፌዎች ማን እንደነገራት እስከ ዛሬ አላውቅም፡፡ በሳምንቱ እናቴ ሱቅ መጣች፡፡ ወንበር ላይ ተቀምጣ የመርካቶውን ክር ስጡኝ አለች፡፡ በሁለት ጣቷ መካከል ወደ ኋላ አሽከረከረችው፡፡ ክሩ ተፈታ፤ አራት ቀጫጭን ክሮች ሆነ፡፡

«ይኼ ላላ ብሎ ነው የተፈተለ» አለች፡፡ «እኔ የሰጠኋችሁ የባና ፈትል ነው፡፡ የከረረ ነው፤ ድር እንዲሆን ነው የፈተልሁት፡፡ ሹራብ የሚሆን ብትሉኝ ሌላ እፈትል ነበር፡፡ ለምን አትናገሩም?»

እህቴ አንገቷን ደፋች፡፡ እኔም በባንኩ መስኮት በኩል ከመጣው ሁሉ ጋር ስነጋገር የምውል ሰው የምመልሰው አጣሁ፡፡

ያን ክረምት እናቴ እንደ አዲስ ጀመረች፡፡ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸለቱትን የጠቦቶች ጸጉር ለየች፡፡ ከዚያም ረጃጅሙንና ሻካራውን በጣቷ እየነቀሰች ጥላ፣ ከሥር ያለውን ለስላሳ ብቻ አስቀረች፡፡ ከአንድ እቅፍ ጸጉር የሚተርፈው እፍኝ ነው፡፡ ላላ አድርጋ ፈተለች፤ ሁለቱን ክር አንድ ላይ አድርጋ እንደገና አከረረችው፡፡ ማሽኗ አሁንም አልወደደችውም፤ እህቴ በሁለት መርፌ በእጇ ሠራችው፡፡ ለአንድ ሹራብ እንኳ ስለማይበቃ ደረቱንና ጀርባውን ከመርካቶው ክር፣ እጅጌውን ከእናቴ ፈትል አደረገችው፡፡ ለተማሪዎቹ ሰማያዊውን፣ ለሕፃናቱ ቀዩን ሸጠች፤ ሱቋን ያቆመው እርሱ ነው፡፡ መጽሐፉን ደግሞ ከገዛችው ወዲህ አልገለጠችውም፡፡ በሽያጩ ደህና የሄደላት ንድፍ የቤታችንን ባና ጥቁርና ነጭ መስመር አይታ በፋብሪካ ክር የሠራችው ነው፡፡

ሃያ ስምንቱ ልቃቂት ሸማኔ ዘንድ ሄደው ባና ሆኑ፡፡

ባለ ሁለት ክሩን ሹራብ የወሰድሁት እኔ ነኝ፡፡ እጅጌው ትንሽ ይኮሰኩሳል፤ ከውስጥ ሸሚዝ እለብሳለሁ፡፡ በታኅሣሥ አንድ ማለዳ አንድ አዛውንት ገንዘብ ሊያወጡ መጡ፡፡ ደብተራቸውን ተቀብዬ ስመዘግብ እጃቸውን በመስኮቱ አሾልከው እጅጌዬን በሁለት ጣታቸው ያዙት፡፡ አሹት፣ ጎተት አደረጉት፣ እንደገና አሹት፡፡ ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ይጠብቃል፡፡

«የማን በግ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ፡፡

«የእናቴ ነው፣ አባባ፡፡»

«እሱማ ይሁን፤ የትኛዋ በግ ልጅ ነው ማለቴ ነው፡፡»

ማታ እናቴን ጠየቅኋት፡፡