የእንጦጦ ቁልቁለት

ከስድስት ኪሎ የተሳፈራችሁበት ታክሲ ሽሮ ሜዳ ያወርዳችኋል። ግራና ቀኙ የሀገር ልብስ ሱቅ ነው፤ ለልጅ ልጅ ክርስትና ጥበብ ልትገዙ መጥታችሁ ታውቁ ይሆናል። ከሱቆቹ አልፎ ዳገቱ ይጀምራል። እስከ እንጦጦ ማርያም የሚያወጣ ታክሲ አለ፤ እኔ ግን ጉልበቴ እስከፈቀደ ድረስ በእግሬ እወጣለሁ። ጠዋት ከሆነ ቁልቁል የሚወርዱትን እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ታገኛላችሁ።

ከሩቅ የሚታየው ሸክሙ ነው። የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በአግድም ታስሮ ወገባቸው ላይ ተጭኗል፤ ገመዱ ደረታቸው ላይ ይቋጠራል። እንደታጠፉ ስለሚሄዱ እንደምን አደራችሁ ስትሏቸው ቀና ሳይሉ ነው የሚመልሱት። ለእኔ ይህ ሸክም ሌላም ነገር ያሳየኛል። በሥራ ዘመኔ የወገብ ሕመም፣ የማሕፀን መውረድ፣ ከጭስ የሚመጣ ሳል ይዘው ከሚመጡ እናቶች ውስጥ ብዙዎቹ ሥራቸው ሲጠየቅ “ምንም ሥራ የለኝም፣ እንጨት ነው” ይሉ ነበር።

ተራራው ታሪክ አለው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የነገሡት እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። ኋላ ከተማው ወደ ፍልውሃ ወርዶ ሲሰፋ ማገዶ አልቆ፣ ቤተ መንግሥቱን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያቆያት ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉን ከጫካው እስከ ምጣዱ ሥር ያደረሱት ግን እነዚህ ሴቶችና እናቶቻቸው ናቸው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ላይ ፓርኩ ተከፍቷል፤ ካፌ፣ የብስክሌት መንገድ፣ የፈረስ ግልቢያ አለ። ያማረ ቦታ ነው፤ የልጅ ልጆቻችሁን ውሰዱ። ሸክሙ ግን ጨርሶ አልቀረም።

በቅርቡ ስወጣ ሸክማቸውን የድንጋይ አጥር ላይ አስደግፈው የሚያርፉ አንዲት እናት አገኘሁ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ነርስ እንደነበርኩ ስነግራቸው ወዲያው “ሲስተር” አሉኝ። ዕድሜያቸውን ስጠይቅ “ስድሳን ሳላልፍ አልቀርም” አሉ። ሴት ልጃቸው ዐረብ አገር ናት፤ ከላከች ቆይታለች። ሁለት ልጆቿን የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው።

የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ውስጥ ገብተው እንደነበር ነገሩኝ። ይህ ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ነው የተጀመረው። መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ፤ መሥራት የሚችሉት ደግሞ አካባቢ እያጸዱ፣ ችግኝ እየተከሉ ይከፈላቸዋል፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ራሳቸውን ችለዋል ተብለው ይወጣሉ። መውጣቱን “ምረቃ” ይሉታል። እኔ በዲፕሎማ ስመረቅ ደመወዝ ጠብቆኛል፤ የእሳቸው ምረቃ ደመወዙ የሚቆምበት ቀን ነው።

“ታዲያ ለምን ቀጥታ ድጋፉ ውስጥ አልገቡም?” አልኳቸው።

“ምን ብዬ ልግባ ሲስተር? መዝጋቢዎቹ እንጨት ተሸክሜ ስወርድ በየቀኑ ያዩኛል። ይቺ ጠንካራ ናት አሉ።”

ይህን ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ ማውጣት አልቻልኩም። ሴትየዋ የሚሸከሙት የሚረዳቸው ስለሌለ ነው፤ መሸከማቸው ደግሞ ርዳታ እንደማያስፈልጋቸው ማስረጃ ሆነ። መዝጋቢዎቹ ክፉዎች ናቸው አልልም። ኮታ ተሰጥቷቸዋል፤ ከእሳቸው የባሰ፣ አልጋ ላይ የዋለ ሰው በዚያው ቀበሌ ሞልቷል። ግን ጉልበት የሚለካው ዛሬ በተሸከሙት ከሆነ፣ ማንም ድኻ እስኪወድቅ ድረስ ጤነኛ ነው ማለት ነው።

እኔ 60 ሲሞላኝ ደብዳቤ ጽፈው በጡረታ አሰናበቱኝ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ኑሮውን አይደርስበትም፣ ሁላችንም የምናማርርበት ነው። ቢሆንም በየወሩ ይመጣል። ለመንግሥት ወይም ለድርጅት ተቀጥሮ መዋጮ ላልከፈለ ሰው ግን የጡረታ ቀን የሚባል ነገር የለም። በጉልት የሚነግዱ፣ ልብስ የሚያጥቡ፣ እንጨት የሚለቅሙ አያቶች ቀሪው ኑሯቸው በልጆቻቸው ላይ ነው፤ ልጅ ካልላከ ደግሞ በራሳቸው ወገብ።

ከሴፍቲኔቱ ሲወጡ ያገኟትን ይዘው ጉልት ላይ ድንችና ሽንኩርት ይነግዱ ነበር። ትንሹ ልጅ ታመመና መነገጃው አለቀ። የጤና መድኑ መታወቂያ ቢኖራቸው ይህ ባልደረሰ ነበር። መዋጮው ግን በዓመት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ላይ የሚከፈል ነው። የደሃ ደሃ ተብሎ የተመዘገበውን መንግሥት ይከፍልለታል፤ እሳቸው እዚያም ላይ “ጠንካራ” ናቸው። እድራቸውን ግን አንድ ወር አላስተጓጎሉም። ቢሞቱ ድንኳኑም ቀባሪውም ተዘጋጅቷል። የሰፈራችን እድር ለታመመ አረጋዊ የመድን መዋጮ ቢከፍል ብዬ ስብሰባ ላይ ባነሳ “ደንባችን አይፈቅድም” ተባልኩ፤ ደግሜ አነሳለሁ።

አንድ ነገር ግን ቀሏቸዋል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ያበላሉ። “ከሰኞ እስከ ዓርብ ስለነሱ አላስብም፣ ሌሊት ተነስቼ ወደ ጫካ ስወጣ በልተው እንደሚውሉ አውቃለሁ” አሉኝ። ቅዳሜና እሑድ ሁለት ሸክም ያወርዳሉ፤ ትልቋ፣ የ11 ዓመቷ፣ ትንሽ ታግዛቸዋለች። ይቺን የመጨረሻዋን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የነገሩኝ።

ሸክሙን ከረፋዱ በፊት ሽሮ ሜዳ ማድረስ ነበረባቸው፤ እንጀራ ጋጋሪዎቹ የሚገዙት በጠዋት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ እየበዛ ስለሆነ ገዢው ሳስቷል። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በሰኔ መጨረሻ ነው። በክረምት ደግሞ ቁልቁለቱ ያንሸራትታል፤ እርጥብ ቅጠልም ከደረቁ ይከብዳል።