ስለ ቤታችን ኮምፒዩተር

በዋጃ ባለው ቤታችን ልጆቼ የሚማሩበት አንድ ኮምፒዩተር አለ። ከተገዛ 9 ዓመት ቢሆነውም፥ መጻፉንም ማስላቱንም እስከ ዛሬ አላቋረጠም።

ዳሩ ግን ዊንዶውስ 10 ለተባለው ሥርዓት ይሰጥ የነበረው መደበኛ የጥበቃ ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ቆመ። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ማኅደረ ትውስታ 4 ጊጋባይት ነው፤ የእኛው 8 አለው። ነገር ግን ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች፥ ከጥቂቶቹ በቀር፥ ከ8ኛው ትውልድ በፊት የተሠሩትን አይቀበልም፤ የእኛውም 6ኛው ትውልድ ነውና ጉልበት ሳያንሰው ተከለከለ።

የራያ ገበሬ ማረሻው ቢዶለዱም ወደ ቀጥቃጭ ይወስደዋል፤ ቀጥቃጩም አሹሎ ይመልስለታል እንጂ፥ «ይህ የቀድሞ ማረሻ ነውና አልነካውም፤ አዲስ ግዛ» አይለውም።

ታናሽቱ ልጄ፥ «አባባ፥ ምን አጥፍቶ ነው?» ብትለኝ የምመልሰው አጣሁ።

ኋላም በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስ የተባለ ሥርዓት በባለሙያ አስጫንን። አዲሱ ገጽ ለጥቂት ቀን ግራ ቢያጋባንም (ይልቁንም እኔን)፥ ልጆቼ አሁን ትምህርታቸውን ይከታተሉበታል። ባለቤቴ ግን የቤቱን ወጪ ትመዘግብበት የነበረው ፕሮግራም በሊኑክስ ላይ አልሠራ ስላለ፥ ወደ ደብተርና ብዕር ተመልሳለች።