ባዶው 354 ጊጋባይት

በሰው አገር በስኮላርሺፕ የሚማር ሰው ቦታ መቆጠብን ሳይወድ በግዱ ይለምዳል። በካይሮ በአንድ ቤት የምንኖር አራት የሕክምና ተማሪዎች ክፍሉንም ምድጃውንም ተካፍለን እንኖራለን። ኮምፒዩተራችንም የጋራ ነው፤ በመዋጮ የገዛነው፣ ዊንዶውስ 7 ያለበት አሮጌ ዕቃ። እሱም ባለፈው ወር «ቦታ የለኝም» እያለ ሥራ አስፈታን። ገሚሶቻችን ፊልሞቹ ይጥፉ አልን፤ ገሚሶቻችን ደግሞ ፊልሙ ይቅርና የቀዶ ሕክምናው ቪዲዮ ይጥፋ አልን (የትኛው ወገን ለፈተና እንደሚተርፍ አንባቢ ይፍረድ)። ክርክሩን አቁመን ዲስኩን ማየት መረጥን።

«ኮምፒዩተር» የሚለውን ምልክት በቀኝ ቁልፍ ተጭነን «ማኔጅ»፣ ከዚያም «ዲስክ ማኔጅመንት» ስንገባ ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ዲስኩ 500 ጊጋባይት ነው። አምራቹ በ1000፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥሩ 465 ሆኖ ይታያል እንጂ የሰረቀን የለም። ከዚህ ውስጥ «ሲ» የተባለው ክፍል የያዘው 111ዱን ብቻ ነው፤ ወደ 354 የሚጠጋው በጥቁር መስመር ሥር «ያልተመደበ» ተብሎ ተኝቷል። ምናልባት የቀድሞው ባለቤት የ120 ጊጋባይት ዲስክ እንዳለ ወደ ትልቁ ገልብጦ ይሆናል። እንዲህ ሲደረግ ትርፉ ቦታ ሰው እስኪመድበው ድረስ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ከዚያ የመጣው የክፍፍል ጥያቄ ነበር። አንዱ ወንድማችን «ለአራት እንካፈለው» አለ። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን በዲስክ ላይ የቆመ ግድግዳ እንደ መጋረጃ በቀላሉ አይገፋም። የራጅ ምስል የሚሰበስበው ድርሻውን በሁለት ወር ሲሞላ የሌላው ባዶውን ይከርማል። ደግሞም ኤምቢአር የተባለው አሮጌው አከፋፈል ከ4 ዋና ክፍል በላይ አይቀበልም፤ ዊንዶውስ ለራሱ በያዘው ትንሽ ክፍልና በሲ ሁለቱ ተይዘዋል። «በሙሉ ወደ ሲ ይቀጠል» ያለም ነበር። ባዶው ከሲ ቀጥሎ ስለሆነ ይህ የደቂቃ ሥራ ነው። እኛ ግን አልወደድነውም፤ ዊንዶውስ ክፉኛ ሲታመም መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ሲን ደምስሶ እንደገና መጫን ነውና።

በሲ ውስጥ ደግሞ የሚደመሰስ የማይመስል ነገር ነበር። ከመካከላችን የአንዱ እናት ከማረፋቸው በፊት ከጎንደር የላኩለት የ7 ደቂቃ የድምፅ መልእክት። ስልኩ ታክሲ ውስጥ ከቀረ ወዲህ ሌላ ቅጂ አልነበረውም።

ስለዚህ በቅድሚያ ድምፁን በፍላሽ ገለበጥን። ከዚያም 300 ጊጋባይቱን አንድ የጋራ ክፍል አድርገን፣ በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አድርገን፣ በየስማችን አራት ፎልደር ከፈትንበት። ቀሪውን 54 ሆን ብለን ባዶ ተውነው። የዊንዶውስ 7 የደኅንነት ድጋፍ በ2020፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም በ2025 (እ.ኤ.አ.) አብቅቷል፤ 11 ደግሞ እንዲህ ያለውን አሮጌ ኮምፒዩተር አይቀበልም። ከፈተና በኋላ በባዶው ላይ ሊኑክስ እንጭናለን። ሊኑክስ ኤንቲኤፍኤስን ስለሚያነብ የጋራው ክፍል ከሁለቱም በኩል ይከፈታል።

አሁንም ግን ፍላሹን አልጣልነውም። ፈረንሳዊው ክሎድ ኩዊኖ በ1957 ጉበትን በ8 ክፍል ሲመድብ፣ እያንዳንዱ የራሱ የደም ሥር ቅርንጫፍና የሐሞት ቧንቧ ስላለው ነው ቀዶ ሐኪም አንዱን አውጥቶ ሌላውን የሚያድነው። የዲስክ ክፍሎች ይህ ዕድል የላቸውም። ሁሉንም የሚያሽከረክር ሞተር አንድ ነው፤ እሱ ከቆመ ሲም የጋራውም አብረው ይሄዳሉ።

የእናትየው ድምፅ አሁን በሦስት ቦታ አለ፤ በጋራው ክፍል፣ በመሳቢያችን ባለው ፍላሽ፣ አዲስ አበባ በምትገኘው እህቱ ዘንድ። እንዲህ ያለ ነገር በሲ ያስቀመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች ኮምፒዩተራችሁንና አንድ ባዶ ፍላሽ ይዛችሁ ብትመጡ፣ ዓርብ ከምሳ በኋላ ቤት አለን፤ ቡናም አይጠፋም።